የቀዶ ሕክምና ሒሳብ

በዚህ ወር ዓምዳችን የምንወያይበት ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት የሚደርስ፣ ነገር ግን ከቤት አልፎ እምብዛም የማይነገር ነው።

አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ወለደች እንበል። በሦስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ከሆስፒታል ትወጣለች። ካርዷ ላይም «በደህና ወጥታለች» ተብሎ ይጻፋል። በሰባተኛው ቀን ግን የተሰፋው ቦታ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ መግልም ይቋጥራል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ መጓጓዣው ገንዘብ ይጠይቃል፤ አራስ ደግሞ ከቤት መውጣት ይከብዳታል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ትሄዳለች፤ መርፌ ትወጋለች፤ ቁስሏ በየቀኑ ይጠረጋል፤ ከብዙ ስቃይና ወጪ በኋላ ትድናለች። አልሐምዱ ሊላህ!

ይሁንና ሆስፒታሉ የደረሰባትን አላወቀም። በእርሱ መዝገብ ያቺ እናት ዛሬም «በደህና የወጣች» ናት። በዚያው ሳምንት በዚያው ክፍል የወለዱ ሌሎች አምስት እናቶችም እንዲሁ ሆነው ቢሆንስ? ሐኪሙ ሥራው እንደተሳካ ያምናል። ኦቶክሌቭ የሚባለው የዕቃ መቀቀያ ተበላሽቶ እንደሆነ የሚጠረጥር የለም። ሰባተኛዋም እናት በዚያው ዕቃ ኦፕራሲዮን ትደረጋለች።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የቀዶ ሕክምናን ሒሳብ የሚይዘው ማን ነው? የገንዘቡን ማለታችን አይደለም፤ ለእርሱ ገንዘብ ያዥ አለው። የምንጠይቀው ስለ ውጤቱ ሒሳብ ነው።

ክሊኒካል ኦዲት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች ይህን የውጤት ሒሳብ «ክሊኒካል ኦዲት» ይሉታል። ኦዲት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚመረምር ሰው ነው። የሕክምናው ኦዲት ግን የሚመረምረው ሥራን ነው። አካሄዱም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ሊሠራ የሚገባው ነገር በግልጽ ይጻፋል። ለምሳሌ «ኢንፌክሽን የሚከላከለው መድኃኒት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ለታማሚው ይሰጥ» ይባላል። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የተሠራው ይቆጠራል። የመቶ ታማሚዎች ካርድ ይወጣና መድኃኒቱ በሰዓቱ የተሰጠው ለስንቱ እንደሆነ ይታያል። ሦስተኛ፣ የተጻፈውና የተሠራው ይነጻጸራል። ስድሳው በሰዓቱ አግኝቶ አርባው ሳያገኝ ቀርቶ ከሆነ አራተኛው ደረጃ ይመጣል፤ ይኸውም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምናልባት መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ጠፍቶ ቤተሰብ ውጭ ገዝቶ እስኪመጣ ጊዜው አልፎ ይሆናል። ምናልባትም ነርሷ በተኝቶ መታከሚያው ክፍል በጠዋት ሰጥታ፣ ታማሚው ግን ተራ ሲጠብቅ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይሆናል። ምክንያቱ ከታወቀ ማስተካከል ይቻላል። አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደረጃ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና መቁጠር ነው። ሳይደግሙ የቆጠሩት ቁጥር ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ማሻሻያው እውነት መሥራቱን የሚያሳየው ሁለተኛው ቆጠራ ነው።

መምህር ነኝና ምሳሌዬን ከክፍል ልውሰድ። ከሃምሳ ተማሪዎች አንዱ ሰባተኛውን ጥያቄ ቢስት የተማሪው ጉዳይ ነው። አርባው ቢስቱት ግን ወይ ትምህርቱ አልተሰጠም፣ ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል። ፈተናውን ሳያርሙ ይህን ማወቅ አይቻልም። ፈተና ሳይሰጥ ዓመቱን ሙሉ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹ ሲያነቅንቁለት የገባቸው ይመስለዋል። ውጤቱን የማይቆጥር ሐኪምም እንዲሁ ነው። አላዋቂ ወይም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የዳኑት ተመልሰው ሲያመሰግኑት ያያል፤ ያልዳኑት ግን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄዱ አያያቸውም።

ከቀደሙት ዘመናት

ለሐኪም ሥራ ተቆጣጣሪ ማበጀት ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ931 በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት መሞቱ ለዐባሲያው ኸሊፋ ለአል-ሙቅተዲር ተነገረው። ኸሊፋውም ሲናን ኢብኑ ሳቢት የተባለው ሐኪም ያልፈተነው ሰው እንዳያክም አዘዘ። ለፈተናም ከ860 በላይ ሐኪሞች መቅረባቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

በአንደሉስ የነበረው ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ደግሞ «አት-ተስሪፍ» በተባለው መጽሐፉ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል የጀመረው በድል ታሪክ አይደለም። ባለማወቅ የተሠሩ ሥራዎች ያደረሱትን ጉዳት ለተማሪዎቹ ነገራቸው። አንድ ሐኪም በሴት አንገት ላይ ያለ እብጠት ሲቀድ የደም ሥር ቆርጦ እንደሞተችበት፣ ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ድንጋይ ሲያወጣ የፊኛውን ቁራጭ አብሮ አውጥቶ ሰውዬው በሦስት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሞተ ጽፎላቸዋል። ዓላማውም ተማሪዎቹ ያንኑ እንዳይደግሙ ነበር።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሒስባ በጻፈው መጽሐፍ የዘገበው ጥንታዊ ልማድ ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ሐኪሙ ታማሚን ሲያይ ያገኘውንና ያዘዘውን ጽፎ ቅጂውን ለቤተሰቡ ይሰጣል። ታማሚው የሞተ እንደሆነ ቤተሰቡ ወረቀቶቹን ይዞ ወደ ሐኪሞች አለቃ ይሄዳል፤ እርሱም የተሠራው በሙያው ሥርዓት መሆን አለመሆኑን ይፈርዳል። ሒስባ የሚለው ቃል እኛ «ሒሳብ» ከምንለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። ሙሕተሲቡ የገበያውን ሚዛን እንደሚፈትሽ ሁሉ የሐኪሙም ሥራ ይፈተሽ ነበር።

ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የዚያ ዘመን ቁጥጥር ጥፋተኛውን ለማወቅና ካሳን ለመወሰን ነበር፤ የሚጀምረውም ሰው ሲሞት ነው። የዛሬው ኦዲት ግን የዳነውንም፣ በስቃይ የዳነውንም፣ የሞተውንም አንድ ላይ ይቆጥራል፤ የሚፈልገውም ቀጥሎ የሚመጣው ታማሚ እንዳይጎዳ ነው።

የቦስተኑ ሐኪም

ይህን ሐሳብ በዘመናዊ ሆስፒታል ውስጥ አጥብቆ የያዘው ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን የተባለ የቦስተን ከተማ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የተወለደው ኮድማን የሚሠራው በታወቀው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነበር። የሚለው ነገር ቀላል ነው፤ ሆስፒታል ያከመውን እያንዳንዱን ሰው ሕክምናው መስመር መያዙ እስኪታወቅ ድረስ ይከታተል፤ ካልያዘም ምክንያቱን ይፈልግ። ለዚህም ለእያንዳንዱ ታማሚ ትንሽ ካርድ አዘጋጀ። ካርዱ ላይ በሽታው፣ የተደረገው ኦፕራሲዮንና የገጠመው ችግር ይጻፋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የታማሚው ሁኔታ ይታከልበታል።

ባልደረቦቹ ግን አልወደዱለትም። በሆስፒታሉ ዕድገት የሚሰጠው በዕድሜና በቆይታ እንጂ በውጤት ስላልነበረ እ.ኤ.አ. በ1914 ሥራውን በተቃውሞ ለቀቀ። በ1915 ደግሞ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አንድ ሥዕል ገልጦ አሳየ፤ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን ነበረች። የከተማው ሀብታሞች ስለ ሕክምናው ውጤት ሳይጠይቁ እንደሚከፍሉ፣ ሐኪሞቹም እውነቱን ለመናገር እንደማይደፍሩ መናገሩ ነው። ብዙ ወዳጅ አሳጣው።

ኮድማን ግን ሌሎችን ብቻ አልወቀሰም። ራሱ በከፈተው ትንሽ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ያከማቸውን የ337 ታማሚዎች ውጤት በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ በይፋ አወጣ። ከእነዚያ መካከል 123 ስሕተቶችን ቆጥሮ እያንዳንዱን በዓይነቱ ለየው፤ ይህ የችሎታ ማነስ፣ ያ የማመዛዘን ጉድለት፣ ይኸኛው የመሣሪያ ጉድለት፣ ያኛው በሽታውን ለይቶ አለማወቅ እያለ ጻፈ። ሥራውን በቁጥር ገልጦ ለሰው ፍርድ ማቅረብ ለማንም ሙያተኛ ከባድ ነገር ነው።

ሐሳቡ ከእርሱ ጋር አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1913 የተቋቋመው የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ዝቅተኛ መስፈርት አወጣ። ሆስፒታሉ የተሟላ መዝገብ ይያዝ፣ ሐኪሞቹም በየወሩ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን ይመርምሩ የሚሉት ዋናዎቹ ነበሩ። መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸው 692 ሆስፒታሎች በዚህ ሲመዘኑ ያለፉት 89 ብቻ ሆኑ። ከወደቁት መካከል በሀገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ነበሩበትና የስማቸው ዝርዝር ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በኒውዮርክ አንድ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ። ወረቀቱ ቢቃጠልም ሆስፒታሎቹ መስፈርቱን ለማሟላት ተጣጣሩ። ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1940 ሞተ፤ መቃብሩም እስከ 2014 ድረስ ምልክት ሳይኖረው ቆየ።

መረጃ እያለ ዝም ሲባል

ቁጥር መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው በእንግሊዝ ሀገር የብሪስቶል ከተማ አሳዛኝ ታሪክ ነው። በብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ኦፕራሲዮን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ወደዚያ የገባው ስቲቨን ቦልሲን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ኦፕራሲዮኑ ከሌላ ቦታ ይልቅ ብዙ ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሕፃናትም እንደሚበዙ ሲሞቱ አስተዋለ። ለኃላፊዎች አሳወቀ፤ ቁጥርም ሰብስቦ አሳየ። ሰሚ ግን በቶሎ አላገኘም። ሕፃናቱ ከመጀመሪያውም በጠና የታመሙ ናቸው፣ ውጤቱም በልምድ ይሻሻላል የሚል ማጽናኛ ነበር። ጉዳዩን ያጣራው ሰፊ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑት መካከል ከሌሎች ሆስፒታሎች አንጻር ሲታይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሕፃናት ከሚጠበቀው በላይ መሞታቸውን ገለጸ።

የሪፖርቱ ትልቁ ትምህርት፣ በዚያ ሆስፒታል መረጃ ጠፍቶ አለመገኘቱ ነው። መረጃው ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው አንብቦት «ሥራው ይቁም» የሚል ባለ ኃላፊነት ነው። ወላጆችም ልጆቻቸውን ሲያስረክቡ የዚያን ሆስፒታል ውጤት የነገራቸው አልነበረም።

ወረቀት መሙላትና መሥራት

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦፕራሲዮን ክፍል 19 ነጥቦች ያሉት የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። በሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት፣ ታማሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ታማሚው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ቦታ ነው? መድኃኒቱ ተሰጥቷል? ጎዙና መርፌው ተቆጥሮ ሞልቷል? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ዐማንንና የታንዛኒያዋን ኢፋካራን ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ ከኦፕራሲዮን ጋር የተያያዘ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ሌሎች ከባድ ችግሮችም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርደው ተገኙ።

ይሁን እንጂ በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ሆስፒታሎች ዝርዝሩን እንዲጠቀሙ ከታዘዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ101 ሆስፒታሎች ላይ የታተመ ጥናት ይህ ነው የሚባል የሞት መቀነስ አላገኘም። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ለምን ተለያየ? ባለሙያዎች በብዙ መንገድ ተከራክረውበታል። አንዱ ጠንካራ መልስ፣ ምልክት ማድረግና ሥራውን መሥራት የተለያዩ ናቸው የሚል ነው። ነርሷ «ጎዙ ተቆጥሯል» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ በእርግጥ ተቆጥሮ ነበርን? ይህን የሚያውቀው በቦታው ተገኝቶ የሚያይና የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። ኦዲት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

በሀገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቀዶ ሕክምናን ደኅንነት ለማሻሻል አገር አቀፍ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምሯል። በዚያው ጊዜ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአምስት ሆስፒታሎች የቁስል ኢንፌክሽንን ለመቀነስ ሥራ ጀመረ። የተቆጠሩት ስድስት ነገሮች ናቸው፤ የሐኪሙ እጅና የታማሚው ቆዳ መጽዳት፣ የልብሱና የመሸፈኛው ጨርቅ አለመቀደድና አለመርጠብ፣ የዕቃው በሚገባ መቀቀል፣ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራ፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩ አጠቃቀም። በየሆስፒታሉ እያንዳንዱ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተፈትሾ ጉድለቱ የታየበት ተስተካከለ፤ ከዚያም እንደገና ተቆጠረ። የቁስል ኢንፌክሽን 35 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም፤ ውድ ማሽን አልመጣም። የተቀቀለ ዕቃ፣ ያልተቀደደ ጨርቅና በሰዓቱ የተሰጠ መርፌ ነው።

ፍርሃቱ

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው ለምን በየቦታው አይሠራም? አንደኛው ምክንያት የጊዜና የሰው እጥረት ነው። ሁለተኛው ግን ፍርሃት ነው። ሐኪሙ ስሕተቱን ቢናገር ክስና ውርደት ይመጣብኛል ብሎ ይሰጋል። አለቃው ቁጥሩን የሚጠይቀው ለመቅጣት ከሆነ ሠራተኛው ቁጥሩን ማሳመር ይጀምራል። በውሸት ቁጥር ደግሞ የሚድን ሰው የለም። ስለዚህ የኦዲት ስብሰባ የፍርድ ችሎት መሆን የለበትም። ሰክሮ ወይም ሆን ብሎ የጎዳ ሰው ቢኖር የሕግ መንገድ ለብቻው አለ፤ የሁለቱ መደበላለቅ ሁለቱንም ያበላሻል።

ፍትሕም ያስፈልጋል። ከየወረዳው በጠና የታመሙትን የሚቀበል ሆስፒታል ቀላሉን ብቻ መርጦ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ሞት ይኖረዋል። ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር አስተማሪዎቹ የተሻሉ ናቸው ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቁጥርም የታማሚውን ሁኔታ ሳያመዛዝኑ ቢያነቡት ያሳስታል።

የቤተሰብ ድርሻ

ውድ አንባብያን፣ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ያየናትን እናት እናስታውስ። ኢንፌክሽኑ ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚያልፉት በቤት ነው። እንግዲህ የሒሳቡ ግማሽ ያለው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ፦

ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። የተደረገው ኦፕራሲዮን ምን እንደሆነ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም እንደ ልደት ካርድ አስቀምጡት።

ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢሸት፣ መግል ቢያወጣ፣ ቢከፈት ወይም ትኩሳት ቢመጣ ቀን አትቁጠሩ። ከተቻለ ኦፕራሲዮኑ ወደተሠራበት ሆስፒታል ተመለሱ። ካልተቻለና ሌላ ቦታ ከታከማችሁም፣ ስልክ ደውላችሁ ወይም ሰው ልካችሁ የሆነውን አሳውቁ።

ካርድ ስታወጡ የሚሠራ ስልክ ቁጥር አስመዝግቡ፤ ከሌላችሁ የጎረቤት ወይም የዘመድ ስጡ። ከሆስፒታል «ቁስሉ እንዴት ሆነ?» ተብሎ ቢደወል፣ ከትሕትና ብዛት «ደህና ነን» ብላችሁ አትዝጉት። የሆነውን እንደሆነ ንገሩ።

ሞት ደርሶም እንደሆነ ለሆስፒታሉ መናገር መክሰስ አይደለም። ብዙዎቻችን «ቀደሩ ነው» ብለን ቀብረን እንመለሳለን። ቀደሩ እውነት ነው፤ አጀልም አይዘገይም፣ አይፋጠንም። ነገር ግን በቀደር ማመን ሰበብን ከመመርመር አይከለክልም። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው ትምህርት ነው። የአንዱን ሞት ምክንያት ማወቅ ያንን ሟች አይመልስም፤ የጎረቤቱን ልጅ ግን ሊያድን ይችላል።

ሐኪም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ታማሚው በሩን ሲወጣ ሥራችሁ አላለቀም። መጨረሻውን ጠይቁ፤ የጠየቃችሁትን ጻፉ፤ የጻፋችሁትን አንብቡ፤ ካስተካከላችሁም በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ የሐኪሞቻችንን እጅ ያቅናልን፤ አማናቸውን ከሚጠብቁትም ያድርገን። አሚን። ለሚቀጥለው ወር ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።